መቀጮው ከዳኛው ይጀምር፦ ለአዲስ ተመራጭ መሪ የተጻፈ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው ለመሪነት የሚታጨው ሳይዘጋጅበት ነው። የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሰበሰባል፤ የቀድሞው ዳኛ «አርጅቻለሁ፣ አሳርፉኝ» ይላሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል፤ ከዚያ ከኋላ አግዳሚ አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው «ደግፌያለሁ» ይላል፣ የተጠራው ሰው ምክንያቱን ለማስረዳት ብድግ ሲል ጭብጨባው ይቀድመዋል። በሳምንቱ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ፣ መዝገቡና ማኅተሙ እጁ ይገባሉ። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለዚያ ሰው የታሰበ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ርእሰ መምህር ወይም የአንድ ቢሮ ቡድን መሪ የሆነ ሰው ቢያነበውም የሚጠቅመው ይመስለኛል፤ የሥራው ስፋት ይለያይ እንጂ ሰው መሪውን የሚመዝንበት ሚዛን ብዙም አይለያይምና።

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ እድር ለዓመታት ጸሐፊ፣ በኋላም ዳኛ ሆኜ አገልግያለሁ። በዚያ ጊዜ ሁሉ የተረዳሁት፣ አባላት መሪያቸውን የሚፈትኑበት ጥያቄ አንድ መሆኑን ነው፤ በእኛ ላይ የሚያስፈጽመውን ደንብ በራሱ ላይ ያስፈጽመዋል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ምክሮች አብዛኞቹ ከዚሁ ጥያቄ የሚመነጩ ናቸው።

መጀመሪያ ቆጠራ፣ ከዚያ ዕቅድ

በመጀመሪያው ወር ትልቅ ዕቅድ ከማወጅ ይቆጠቡ። በቅድሚያ መተዳደሪያ ደንቡን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ብዙ ተመራጭ ደንቡን የሚያውቀው በወሬ ስለሆነ፣ ክርክር በተነሣ ቀን አባሉ ራሱ አንቀጹን ገልጦ ያሳየዋል። ቀጥሎም ንብረቱን ከቀድሞው ዳኛ፣ ከንብረት ያዡና ቢያንስ ከሁለት ተራ አባላት ጋር ሆነው ይቁጠሩ። የድንኳን ቀዳዳ የሚታየው ሲዘረጋ ስለሆነ፣ ተጠቅልሎ እንዳለ «አንድ ድንኳን» ብለው አይፈርሙ፤ ያስዘርጉት፣ ካስማውንና ገመዱንም ያስቆጥሩ። ብረት ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ጆጉና አግዳሚው ሁሉ በቁጥር ይመዝገብ። ሰባት ሰሃን ቢጎድል «ሰባት ሰሃን ጎድሏል» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «እገሌ አጥፍቶት» የሚል ቃል አይግባበት፤ የቀድሞውን መሪ በማጠልሸት ሥራ የሚጀምር ሰው፣ እሱ በተራው ሲወርድ የሚጻፍበትን ቃለ ጉባኤ ከወዲሁ እያረቀቀ ነው።

የቢሮ መሪም የራሱ ቆጠራ አለው። እሱ ሊቆጥረው የሚገባው ከእሱ በፊት የነበረው ኃላፊ ለማን ምን ቃል ገብቶ እንደሄደ ነው፤ ለአንዷ የዓመት ፈቃድ፣ ለአንዱ ሥልጠና፣ ለሌላው ዝውውር ተስፋ ተሰጥቶ ይሆናል። እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው አነጋግሮ ይህን በማስታወሻ መያዝ፣ የሚቻለውን ከእነ ቀኑ መናገር፣ የማይቻለውንም በዚያው ሳምንት «አይቻልም» ማለት ይገባል። በመንጠልጠል ያለ ተስፋ ከእምቢታ ይልቅ ሰውን ያስመርራል።

መቀጮ

አንድ የታኅሣሥ ማለዳ አይረሳኝም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል፤ በዚያን ቀንም የመቃብሩ ሣር ነጭ ሆኖ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። እኔ መዝገቡን ይዤ ከግማሽ በላይ ስም ከጠራሁ በኋላ ዳኛችን በቅጥሩ በር ገቡ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሟች ቤት ያልተለዩ፣ ወደ ቤታቸው የሄዱትም ልብስ ለመቀየር ብቻ የነበረ ሰው ነበሩ። ማንም «ዘገዩ» የሚላቸው አልነበረም፣ እኔም በስማቸው ትይዩ የመገኘት ምልክት አድርጌ አልፌ ነበር። እርሳቸው ግን አጠገቤ መጥተው ቆሙ፤ በመዝገቡ ላይ ጎንበስ ብለው ስማቸውን በጣታቸው ፈለጉ፤ ምልክቱን ሲያዩት «ይኼንን ሰርዘው፣ ልጄ» አሉኝ። ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ብር አውጥተው የመዘግየት መቀጮውን ለገንዘብ ያዡ ቆጥረው ሰጡ፤ ደረሰኙ እስኪጻፍም በብርዱ ቆመው ጠበቁ። ንግግር አላደረጉም። ከዚያን ቀን ወዲህ መቀጮ ስንጠይቅ የሚከራከረን ሰው በእጅጉ አነሰ።

እኔ በተራዬ ዳኛ ስሆን ግን ይህን ትምህርት ይዤ አልተገኘሁም። ድንኳናችንን በአይሱዙ መኪናው በነፃ የሚያመላልስልን አንድ አባል ነበር፤ ሦስት ቀብር በተከታታይ ሲቀር፣ ውለታው ከብዶኝ መቀጮውን በዝምታ አለፍሁት። በኮሚቴ አልተወያየንበትም፣ በመዝገብም ምክንያቱ አልሰፈረም። በሚቀጥለው ስብሰባ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ተነሥተው «እኔ የምቀጣው መኪና ስለሌለኝ ነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም፤ ከተሰብሳቢው መካከልም ያገዘኝ አልነበረም፣ ሊያግዘኝም አይገባም ነበር። በዚያው ስብሰባ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ የሰውየው መቀጮ ተመዝግቦ እንዲከፍል ተደረገ፤ የድንኳን ማጓጓዣም ከዚያ ወዲያ በደረሰኝ እንዲከፈል ተወሰነ። ከሁሉ ያሳፈረኝ ደግሞ፣ ባለ መኪናው ሲጠየቅ «መቀጮ ይተውልኝ ያለ ማን ነው?» ማለቱ ነው። ያልተጠየቅሁትን ምሕረት ያደረግሁት ለራሴ ምቾት ነበር።

ስለዚህ ውለታን በሕግ አይክፈሉ። ውለታ ያለው ሰው በጉባኤ ፊት ይመስገን፣ ካስፈለገም ይከፈለው፤ ደንቡ ግን ለእሱም ለጎረቤቱም አንድ ይሁን። ከመቀጮ ነፃ የሚያደርጉ ምክንያቶች ካሉ፣ ለምሳሌ ሕመም፣ ወሊድ፣ ሩቅ መንገድ፣ ሰው ሳይታሰብ አስቀድመው ይጻፉ። አንድን ሰው እያሰቡ የሚጻፍ የምሕረት አንቀጽ ምሕረትነቱ ለዚያ ሰው ብቻ እንደሆነ ጉባኤው ወዲያው ያውቃል። የእርስዎ ወንድም፣ አማች ወይም የልብ ወዳጅ ጉዳይ የቀረበ ዕለት ደግሞ ሰብሳቢነቱን ለምክትልዎ ሰጥተው ከወንበሩ ይነሡ፤ ከወንበሩ መነሣት ብቻውን ግን አይበቃም፣ ከአዳራሹም ይውጡ። ዳኛው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ምክትሉ በነፃነት ይፈርዳል ብሎ የሚያምን የለም።

ስብሰባና ትእዛዝ

በወጋችን ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። መልካም ወግ ነው፤ ለሰብሳቢ ግን ወጥመድ አለበት። ሊቀ መንበሩ ወይም ከሁሉ የሚከበሩት አዛውንት ሐሳባቸውን አስቀድመው ከሰጡ፣ ከእርሳቸው በኋላ የሚነሣው ሁሉ «እንደተባለው» ብሎ ይቀመጣል፣ ስብሰባውም በአንድ ሰው አእምሮ ይዘጋል። ይህን ወግ ሳያፈርሱ ማለፍ ይቻላል። ጉዳዩን ከስብሰባው ከሳምንት በፊት ያሳውቁ፤ በስብሰባ የማይናገሩትን ሴቶችና ወጣቶች አስቀድመው በየቤታቸው፣ በቡና ሰዓት ያነጋግሩ፤ በስብሰባውም ዕለት «ዛሬ ከልጆቹ እንጀምር፣ አባቶች ይመርቁናል» ብለው ተራውን ይገልብጡት። አባቶች መጨረሻ መናገራቸውን እንደ ክብር እንጂ እንደ መገፋት አያዩትም። እርስዎ ከሁሉም በኋላ ይናገሩ፤ ሲናገሩም በቅድሚያ የተባለውን በትክክል መልሰው ይንገሯቸው፣ በተለይ ከእርስዎ ሐሳብ ጋር የሚጋጨውን።

አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ካለ ደግሞ ምክክር አያስመስሉት። «ይህ ተወስኗል፣ ምክንያቱም ይህ ነው፣ ልንመካከርበት የምንችለው አፈጻጸሙን ብቻ ነው» ማለት ይቻላል። የአቋም መግለጫው አስቀድሞ ተባዝቶ በተቀመጠበት አዳራሽ «ሐሳባችሁን ስጡን» ሲባል ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ሻዩና ዳቦው ጥሩ ነበር። ሰው የማይወደውን ውሳኔ ውሎ አድሮ ይቀበላል፤ መታለሉን ግን ይዞት ይኖራል።

ትእዛዝ አሰጣጥን ለመማር የፈለገ ሰው በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀውን የዐድዋ ዘመቻ የክተት ዐዋጅ አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ እንዲያነበው እመክራለሁ። አዋጁን ያወጁት ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ነው። እኛ ዐዋጁን የምናውቀው ለወኔው ነው፤ እኔ ግን በሥራ ላይ ከቆየሁ በኋላ ያስደነቀኝ አሠራሩ ነው። በቅድሚያ የመጣውን አደጋ ይናገራል፤ የሚከተተው ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ማንም አይታዘዝም። ቀጥሎ «ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም» ይላል። ከዚያም ጉልበት ያለው በጉልበቱ እንዲረዳ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ በሐዘኑ እንዲረዳ በመጠየቅ፣ አቅም የለኝም ብሎ ከጉዳዩ ውጭ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ያደርጋል። ወስልቶ የሚቀር ምን እንደሚጠብቀው ይገልጻል። በመጨረሻም ለሸዋ ሰው ቀንና ቦታ ይቆርጣል፦ እስከ ጥቅምት እኩሌታ፣ ወረኢሉ። ምክንያት፣ የቆየ መተማመን፣ እንደየአቅሙ ድርሻ፣ ቅጣት፣ ቀንና ቦታ፣ ይህ ሁሉ አንድ ገጽ በማይሞላ ጽሑፍ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች በሁለት ገጽ ከእነዚህ ግማሹን አይዙም።

ከእነዚህ ሁሉ ለመኮረጅ የሚያስቸግረው «የበደልሁህ አይመስለኝም» የሚለው ነው። የቀሩትን ማንም ጸሐፊ ሊያሟላቸው ይችላል፤ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ግን ከዐዋጁ በፊት ባሉት ዓመታት የምትጻፍ ናት። ለሠራተኞችዎ ከባድ ሥራ ከማዘዝዎ በፊት፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር በፊታቸው ቢያነቡላቸው እርስ በርስ ይተያዩ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

ለነገ ሲባል የዛሬን መከልከል

መሪ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የሚከብደው፣ ጥቅሙ ገና ላልታየ ነገር ሲባል የሚታየውን ጥቅም መከልከል ይመስለኛል። በዚህ ረገድ ሰሜን ሸዋ ከየትም የማይበደረው ትምህርት በመንዝ አለ። የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር እንዲያገግም ቦታው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ለማንኛውም አጨዳና ግጦሽ ይዘጋ ነበር። ጥበቃውን የሚመራው «አባ ቄራ» ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ባሉበት ይመረጥ ነበር፤ የመከፈቻውም ቀን ሰው በሚገኝበት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገር ነበር። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ነዋሪው በኋላ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አደራጅቶት ጓሳ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

ከዚህ አሠራር ለማንኛውም መሪ የሚሆን ሁለት ነገር አገኛለሁ። የከለከሉትን ነገር መቼ እንደሚፈቅዱ ይናገሩ፤ መጨረሻው የማይታወቅ ክልከላ ሌብነትን ይወልዳል። ክልከላውንም ሰው ወደ እርስዎ መጥቶ እንዲያነበው አይጠብቁ፣ ሰው ወዳለበት ይሂዱ፤ በቢሮ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሚያነበው አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው።

የመንዝ በግ ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ለበዓል ገበያ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ አስቀድሞ ይሸጣል፤ በመንጋው ውስጥ ቀርቶ የሚያስረግዘው ገዢ ያጣው ደካማው ይሆናል፤ እንዲህ ሲባል ባለቤቱ ሳያውቀው ዘሩ ከዓመት ዓመት ያንሳል። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ አርሶ አደሮች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው በሠሩት የዝርያ ማሻሻያ ሥራ፣ ምርጥ አውራ በጎች በጋራ ተመርጠው ሳይሸጡ እንዲቆዩና በጋራ እንዲያገለግሉ የሚያደርግ አሠራር ተጀመረ። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚመራ ሰው ስለ ዘር ጥቅም ለአባላቱ ብዙ ሊያስተምር ይችላል፤ የፋሲካ ሰሞን የራሱን ደልዳላ ጠቦት ወደ ገበያ ሲነዳ ከታየ ግን ትምህርቱ ሁሉ ከበጉ ጋር ይሸጣል። መጀመሪያ የሚቀረው አውራ የሊቀ መንበሩ ይሁን፤ ለዚያ በዓል ልጆቹን በሌላ ነገር ያስደስት።

ገንዘብ

እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቼክ በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይመዝገብ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በጉባኤ ይነበብ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ በዐዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ እያንዳንዱ አባል ያለው አንድ ድምፅ ነው፤ ሥራ አመራሩን የሚከታተል ቁጥጥር ኮሚቴም አለ። ቁጥጥር ኮሚቴውን እንደ ጠላት የሚያይ መሪ ስሙን ሊያጠራለት የሚችለውን ብቸኛ ምስክር እያባረረ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከተረቶቻችን ሁሉ የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳቱም ተነግሮ ሲያበቃ በሚከተለው ሳቅ ነው፤ የሚስቀው ሰው በልቡ እየተስማማ ነው። በሚመሩት ስብሰባ ይህ ተረት በቀልድ ሲነሣ አብረው አይሳቁ። መገሠጽም አያስፈልግም፣ ዝም ማለት ይበቃል።

በራስ ድምፅ መናገር

አንዳንድ ሰው በተመረጠ በሳምንቱ ድምፁ ይለወጣል። ትናንት «ድንኳኑ ይሰፋ» ይል የነበረ ሰው ዛሬ «የድንኳን ጥገናን ከማረጋገጥ አንጻር እንደ ኮሚቴ አቅጣጫ አስቀምጠናል» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ የሚሰፋው ሰው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚሰፋና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የለም፤ የሚመስለኝም ለዚሁ ነው የተፈጠረ። በተመረጡበት አፍ ይናገሩ። ቁጣ ባሕርይዎ ካልሆነ የቀድሞውን ቁጡ ዳኛ አይኮርጁ፤ ዝምተኛ ከሆኑም በዝምታዎ ይምሩ፣ ብቻ ውሳኔው በጽሑፍ ግልጽ ይሁን። የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላውቅም፣ ጠይቄ እስከ ሐሙስ እነግራችኋለሁ» ይበሉ፤ ሐሙስ ግን ይንገሯቸው።

አርአያ ሆኖ መታየትና ለታይታ መሥራት የሚለያዩበት መስመር ቀጭን ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣው ክፉ ቀን በሬው በከብት በሽታ ባለቀ ጊዜ፣ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል። አንድ ንጉሥ በዶማ ቆፍሮ አገር አይመግብም፤ ስለዚህ ለታይታ ነበር የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። ያለ በሬ በእጅ መቆፈር እንደ ውርደት በሚቆጠርበት አገር፣ ያ ዶማ ከእህሉ ይልቅ ኀፍረቱን ነበር የነቀለው። የእርስዎንም ሥራ በዚህ መለየት ይችላሉ፦ ዝቅ ብለው የሠሩት ሥራ ሌላውን ሰው ከኀፍረት ወይም ከፍርሃት የሚያወጣው ከሆነ ይታይ፤ እርስዎን ብቻ ከፍ የሚያደርግ ከሆነ ፎቶ አንሺው ይቅር። በእድር ቋንቋ ስናገር፣ ዳኛው ድንኳን ሲተክል አንድ ካስማ ቢመታ ጥሩ ነው፤ ካስማውን የሚመታው ግን የሀብታም ለቅሶ ላይ ብቻ ከሆነ ሰው ያንንም ይመዘግባል።

ሲለቁ

ተተኪ የሚዘጋጀው በመጨረሻው ዓመት አይደለም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ ሙሉ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የአግዳሚ ወንበር ግዥን፣ ከጨረታ እስከ ርክክብ ለምክትልዎ ይተዉለት፤ እርስዎ ቢሆኑ በርካሽ ይገዙት የነበረውን ትንሽ አስወድዶ ቢገዛ እንኳ በጉባኤ ፊት አይንቀፉት፣ ለብቻው ያነጋግሩት። የአገልግሎት ዘመንዎ ሲያልቅ «ሌላ ሰው የለም» ቢባሉ አይመኑ፤ ሌላ ሰው ከሌለ ያላሳደጉት እርስዎ ነዎት፣ ይህንንም በግልጽ ተናግረው የስድስት ወር ጊዜ ብቻ ይቀበሉ።

በርክክቡ ዕለት ድንኳኑ እንደገና ይዘርጋ፣ ካስማውም ይቆጠር። በመዝገብ የማይገኘውን ነገር ደግሞ በአንድ ወረቀት ይጻፉላቸው፦ ድንኳን የሚሰፋው ሰው ስልክ፣ ሌሊት ሳይቆጣ የሚነሣው ጥሩምባ ነፊ፣ የወር መዋጮ ሲያልፍባቸው በሰው ፊት ሊጠየቁ የማይገባቸው ችግረኛ ቤቶች። ከዚያ በኋላ ካልተጠሩ ወደ ኮሚቴ ስብሰባ አይሂዱ፤ አዲሱ ዳኛ በሌሊት ቢደውልልዎ ግን ያንሱለት።